«ሰዓቴማ ልክ ነው!»፦ ኔትወርክ ማንን፣ እንዴት ያምናል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ብሎክ ሥር፣ አንዲት እናት ሱቅ አላቸው። ዳቦ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የሞባይል ካርድ ይሸጣሉ። ሥራዬ የኮምፒውተር ኔትወርክ መዘርጋትና መጠበቅ ስለሆነ፣ ሰፈር ውስጥ ስልክ ያስቸገረው ሰው እኔን ይፈልጋል። ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ጠዋት እሳቸውም ጠሩኝ።

«ና እስቲ ልጄ፣ ይቺን ስልክ እያት። ፓኬጅ ገዝቻለሁ፣ ኔትወርክም አለ። ግን ምንም አልከፍት አለች።»

ተቀብዬ ሞከርኩ። ዩቲዩብ አይሠራም። የነካሁት ድረ ገጽ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ከማስጠንቀቂያው ሥር በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ተርጉሜ አነበብኩላቸው፤ «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» ይላል።

«ሰዓቴማ ልክ ነው!» አሉኝ ቅር ብሏቸው። «ራዲዮው ሦስት ሰዓት ሲል እሷም ሦስት ትላለች።»

እውነታቸውን ነው። ስልኳ ሦስት ሰዓት ትላለች። ዓመቱን ሳየው 2017 ነው። ስልኩን የገዛላቸው የእህታቸው ልጅ በእኛ አቆጣጠር ሞልቶላቸው ሄዷል። ለእሳቸው አንድም ስህተት የለውም። ስልኩ ግን 2017ን በፈረንጅ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ያየውን ድረ ገጽ ሁሉ አላምንም ብሎ ተቀምጧል።

ሰዓቱ ከኔትወርክ በራሱ እንዲሞላ አደረግኩት። ወዲያው ሁሉም ነገር ተከፈተ። እሳቸው ግን አልተደሰቱም። «አሁን ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት አለች! አበላሸሃት እኮ። ሰዓትና ፊልም ምን አገናኛቸው?»

ቆሜ የሰጠኋቸው መልስ እኔንም አላረካኝም። ጥያቄያቸው ትልቅ ነው። መልሱ ስልካችን ከአንቴና፣ ከባንክ፣ ከዋይፋይ ጋር በየደቂቃው የሚያደርገውን ክርክር ሁሉ ይነካል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ከሥሩ ልጻፈው አልኩ።

ሰው ሰውን የሚያውቀው በመልኩ፣ በድምፁ፣ በአካሄዱ ነው። የብሎካችን ጥበቃ ማታ መብራት ጠፍቶ እንኳ ሳሌን ሰምቶ ማን እንደመጣ ያውቃል። ኔትወርክ እንዲህ ዓይነት ዓይንና ጆሮ የለውም። በሽቦም ሆነ በአየር የሚደርሰው ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥርን ደግሞ ማንም ይቀዳዋል። ስለዚህ «እኔ እገሌ ነኝ» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ማስረጃ ያስፈልጋል። ማስረጃው ራሱም በመንገድ ላይ ከታየ ይሰረቃል። የዚህ ሙያ ዋናው እንቆቅልሽ እዚህ ላይ ነው። ምስጢር እንዳለን ማስረዳት አለብን፤ ምስጢሩን ግን ማሳየት የለብንም።

የሚቻል አይመስልም። ግን ኪሳችን ውስጥ ያለችው ሲም ካርድ ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ስትሠራ ትውላለች።

ሲሟ ስትመረት ውስጧ አንድ ቁልፍ ይቀመጣል፤ 128 ቢት ርዝመት ያለው ቁጥር ነው። የዚሁ ቁጥር ግልባጭ በቴሌኮሙ ማዕከል ተቆልፎበት ይቀመጣል። ስልኩ ራሱ እንኳ ቁልፉን አያውቀውም፤ ሲሟ አታሳየውም። ስልኩ ከአንቴና ጋር ሲገናኝ ማዕከሉ አንድ እንደ ዕጣ የወጣ ቁጥር ይልካል። ሲሟ ይህን ቁጥር ከቁልፏ ጋር አንድ ላይ ትፈጨዋለች፤ የወጣውን ዱቄት መልሳ ትልካለች። ማዕከሉም በራሱ ግልባጭ ያንኑ ይፈጫል። ሁለቱ ዱቄቶች አንድ ከሆኑ ሲሟ እውነተኛ ናት። አየር ላይ ያለፉት ጥያቄውና ዱቄቱ ብቻ ናቸው። ሽሮ ተመልሶ አተር እንደማይሆን ሁሉ፣ ከዱቄቱ ተነስቶ ቁልፉን ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ጥያቄው ሌላ ስለሚሆን፣ የዛሬውን መልስ የጠለፈ ሰው ነገ አይጠቀምበትም።

መፍጫው ደካማ ከሆነ ግን ነገሩ ይበላሻል። በመጀመሪያዎቹ የጂኤስኤም (የ2ጂ ሞባይል ኔትወርክ) ዘመናት በብዙ ሲም ካርዶች ላይ የነበረ አንድ የስሌት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1998 ተሰብሯል። ሲሟን በእጁ ያገኘ ሰው ደጋግሞ እየጠየቀ ቁልፉን ማውጣት ይችል ነበር። ዛሬ የሚሠራባቸው ስሌቶች በጣም የጠነከሩ ናቸው።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ጉድለት ነበር። በ2ጂ ጊዜ ጥያቄው ባንድ ወገን ብቻ ነበር። አንቴናው ስልኩን «ማን ነህ?» ይለዋል፤ ስልኩ አንቴናውን «አንተስ?» አይለውም። ያኔ አንቴና በግለሰብ እጅ የሚገባ ዕቃ አልነበረምና ማንም ብዙ አልተጨነቀበትም። ቆይቶ መሣሪያው ትንሽም ርካሽም ሆነ። ሐሰተኛ አንቴና የሚተክሉ ሰዎች መጡ። ስልኩም ያለምንም ጥያቄ ይከተላቸው ጀመር። 3ጂ ሲመጣ ይህ ተስተካከለ። ማዕከሉ ከጥያቄው ጋር የራሱን ማስረጃ አያይዞ ይልካል፤ ሲሟ ያንን መርምራ ካልጣማት አትመልስም። 4ጂና 5ጂም በዚሁ መንገድ ቀጥለዋል። ግን ብዙ ስልክ ዛሬም ሌላ ሲያጣ ወደ 2ጂ ይወርዳል። ከከተማ ወጣ ስትሉ ስክሪኑ ጥግ ላይ የምትመጣው የእንግሊዝኛዋ «ኢ» ፊደል ይህንኑ ነው የምትናገረው። ከአንድሮይድ 12 ወዲህ በአንዳንድ ስልኮች 2ጂን ከነጭራሹ መዝጋት ይቻላል። ሌላ ኔትወርክ በደንብ በሚደርስበት ቦታ የምትኖሩ ከሆነ ብትዘጉት ጥሩ ነው እላለሁ።

ይህን ጉድለት ደጋግሜ የማነሳበት ምክንያት አለኝ። ስለ ደህንነት ስናወራ ሁልጊዜ የምናስበው ኔትወርኩ እኛን እንዴት እንደሚያጣራ ነው፤ የይለፍ ቃል፣ አሻራ፣ ኮድ። እኛ ኔትወርኩን እንዴት እንደምናጣራው ግን የሚነግረን የለም። እኔ በሥራዬ ካየኋቸው ጉዳቶች አብዛኞቹ የደረሱት በዚህኛው በኩል ነው። ሰው መታወቂያውን ለማያውቀው ሰው አሳይቶ፣ የዚያን ሰው መታወቂያ ሳይጠይቅ ይቀራል።

የባለሱቋ ስልክ ያን እሑድ ሲያደርግ የነበረው ይህንኑ መጠየቅ ነው። መታወቂያችሁን አምጡ እያለ ነበር።

ወደ ቱሉ ዲምቱ የመጣን ጊዜ አዲሱ ወረዳ መታወቂያ ከመስጠቱ በፊት መሸኛ አምጡ አለን። የቀድሞ ወረዳችን ሄደን ተሰልፈን አመጣን። ወረቀቱ ላይ ስም አለ፣ ፎቶ አለ፣ ቀን አለ፤ ከሥር ፊርማ፣ ቲተርና ክብ ማህተም አለ። አዲሱ ወረዳ እኔን አያውቀኝም። የቀድሞውን ወረዳ ማህተም ግን ያውቀዋል። የሚታወቀው የማይታወቀውን መሰከረለት፤ ነገሩ አለቀ።

ድረ ገጽም እንዲሁ መሸኛ ይዞ ይዞራል። ሰርተፊኬት ይባላል። ላዩ ላይ የድረ ገጹ ስም፣ የአደባባይ ቁልፉ (ጥቂት ቆይቼ አስረዳዋለሁ)፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግል፣ ከሥር ደግሞ የሰጪው ድርጅት ዲጂታል ፊርማ አለ። ስልካችን ውስጥ ከመቶ በላይ የሆኑ እንዲህ ዓይነት ፊርማ ሰጪዎች ተመዝግበው ይመጣሉ። ማንም እኛን አማክሮ አልመዘገባቸውም። የስልኩንና የብራውዘሩን (የድረ ገጽ መክፈቻውን) ሶፍትዌር የሚሠሩት ኩባንያዎች ኦዲት እያስደረጉ የመረጧቸው ናቸው። ስልክ ስንገዛ እነዚህን ሁሉ ምስክሮች አብረን ተቀብለናል።

የወረዳ ማህተም አንድ ድክመት አለበት። ቅርጹን ያየ ሰው ማህተም ቀራጭ ጋ ሄዶ ሊያስመስለው ይሞክራል። ዲጂታል ፊርማ ይህን በር የዘጋው በሂሳብ ነው። ዲፊና ሄልማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 አንድ ሐሳብ አሳተሙ፤ ቁልፍ ጥንድ ይሁን፣ አንዱ በምስጢር ይያዝ፣ ሌላው ለዓለም ይበተን። በዓመቱ ሪቨስት፣ ሻሚርና ኤድልማን ለሐሳቡ የሚሠራ ስሌት አገኙለት። በምስጢሩ ቁልፍ የተፈረመውን ማንም ሰው በአደባባዩ ቁልፍ ይመረምራል፤ በአደባባዩ ቁልፍ ግን መፈረም አይቻልም። ማህተሙን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይቀርጸውም ማለት ነው። እኔ ይህን መጀመሪያ የተረዳሁ ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሰርተፊኬቱ ራሱ ምስጢር አይደለም፤ ማንም ሊቀዳው ይችላል። ታዲያ ቀድቶ ያመጣ ሌባ በምን ይታወቃል? ስልኩ በየግንኙነቱ አዲስ ነገር ልኮ «በምስጢር ቁልፍህ ፈርምልኝ» ይላል። ሌባው ወረቀቱ እንጂ ቁልፉ የለውም። ሲሟ ላይ ያየነው ጨዋታ ነው፤ አሁን ግን ተጠያቂው ድረ ገጹ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። መሸኛ «ይህ ሰው እዚህ ይኖር ነበር» ይላል እንጂ «ዕዳውን ይከፍላል» አይልም። አድራሻው አጠገብ የምትታየው የጓጉንቸር ምልክትም ይኸው ናት፤ የምትመሰክረው ስምን እንጂ ጠባይን አይደለም። አጭበርባሪም የራሱን ስም አስመዝግቦ ሰርተፊኬት ያወጣል፤ በነፃ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ። ስለዚህ ከምልክቷ በፊት ስሙን ፊደል በፊደል ማንበብ የእኛ ፈንታ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ሰርተፊኬት የሚጀምርበትም የሚያበቃበትም ቀን አለው። የባለሱቋ ስልክ ያለሁት 2017 ላይ ነው ብሎ ያምናል። ድረ ገጹ ያቀረበለት መሸኛ የተጻፈው 2025 ላይ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ የሚጻፍ ወረቀት ዛሬ ይዞ የመጣን እንግዳ ማን ያስገባዋል? ስልኩ አላስገባም። ልክ ነበር።

ለምን እንዲህ ይከርራል? ምስጢር ቁልፍ ይሰረቃላ። ወረቀቱ ቀን ባይኖረው ሌባው ዕድሜውን ሙሉ ይጠቀምበታል። ለዚህም ነው የሰርተፊኬት ዕድሜ ከዓመት ወደ ዓመት እያጠረ የሚሄደው። ከ2020 ጀምሮ ረጅሙ 398 ቀን ነበር። የብራውዘር ሠሪዎችና ሰርተፊኬት ሰጪዎች የተስማሙበት አዲሱ ሕግ ደግሞ በ2026 መጋቢት ላይ ወደ 200 ቀን፣ በ2027 ወደ 100፣ በ2029 ወደ 47 ቀን ያወርደዋል፤ ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ሰዓቱ በሁለት ወር የተሳሳተ ስልክ አንዳንድ ድረ ገጽ ይከፍትለት ይሆናል። ያን ጊዜ ግን የሚከፍትለት አይኖርም ማለት ይቻላል።

ምስክሩ ራሱ ቢዘረፍስ? ይህም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዲጂኖታር የሚባል የኔዘርላንድስ ሰርተፊኬት ሰጪ ተጠለፈ። ጠላፊው ከ500 በላይ ሐሰተኛ ሰርተፊኬቶችን አወጣ፤ አንዱ በጎግል ስም ነበር። ማህተሙ እውነተኛ፣ ወረቀቱ ሐሰት። በዚያ ወረቀት በኢራን የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ኢሜይላቸውን እየከፈቱ መሐል የገባ ሌላ ዓይን እያየባቸው ነበር። ስልካቸውም ኮምፒውተራቸውም ምንም ቅር አላለውም፤ ምስክሩን ያምነዋልና። ነገሩ ሲታወቅ ብራውዘሮች ዲጂኖታርን ከዝርዝራቸው ፋቁት። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ድርጅቱ ኪሳራ ታወጀበት። ምስክርነት እንጂ ሌላ የሚሸጠው ነገር አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን መፍትሔ በጣም እወደዋለሁ። የሚወጣ ሰርተፊኬት ሁሉ በአደባባይ መዝገብ ላይ ይለጠፍ ተባለ። ክሮም የሚባለው ብራውዘር እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አዲስ የሚወጣ ሰርተፊኬት በመዝገቡ ላይ ካልተለጠፈ አይቀበልም። በስሜ ማንም ወረቀት ቢያወጣ ገብቼ አየዋለሁ። ወረዳ በር ላይ ስም ለጥፎ «ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ» እንደማለት ነው።

ሰዓት ያስቸገረው ባለሱቋን ብቻ አይደለም። ቃሊቲ አካባቢ ኔትወርካቸውን የምጠብቅላቸው አንድ ድርጅት አለ። አንድ ሰኞ ጠዋት የሂሳብ ሠራተኛዋ ደወለች። «ጋሼ፣ ኮምፒውተሬ አላስገባም አለኝ። የይለፍ ቃሌ ትክክል ነው፤ አምስቴ ሞከርኩ።» ሄጄ ሳየው በኮምፒውተሩና በሰርቨሩ (በቢሮው ዋና ኮምፒውተር) መካከል የሰዓት ልዩነት አለ ይላል። ቅዳሜና እሑድ መብራት ጠፍቶ ነበር። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሰዓት የምትጠብቀው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ደግሞ ሞታለች። መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ የነቃው ቀኑን ከብዙ ዓመት በፊት አድርጎ ነው። ባትሪዋን ቀየርኩ፣ ሰዓቱን አስተካከልኩ፣ ገባች።

እዚያ የሚሠራው አሠራር ኬርቤሮስ ይባላል። ስሙ በግሪኮች ተረት የሙታንን በር ከሚጠብቀው ባለሦስት ራስ ውሻ የመጣ ነው። የተሠራው አሜሪካ ኤምአይቲ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 በተጀመረ አቴና በሚባል ፕሮጀክት ነው። ከዊንዶውስ 2000 ወዲህ ብዙ መሥሪያ ቤት ሳያውቀው በየቀኑ ይጠቀምበታል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የገባ ሰው ይገባዋል። በር ላይ መታወቂያ ታስይዛላችሁ፣ ባጅ ትወስዳላችሁ። ከዚያ በኋላ ሦስተኛ ፎቅም መዝገብ ቤትም ስትገቡ የሚታየው ባጁ ነው። ኬርቤሮስ ላይ ጠዋት የይለፍ ቃል ስትጽፉ ቃሉ በሽቦው አይሄድም። ኮምፒውተራችሁ በቃሉ ተጠቅሞ ከማዕከሉ የመጣለትን የታሸገ መልእክት ይፈታል። መፍታት መቻሉ ራሱ ማስረጃ ነው። ባጅ ያገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለ10 ሰዓት የሚያገለግል። ፕሪንተሩም የፋይል ሰርቨሩም ባጁን እንጂ የይለፍ ቃላችሁን አያዩም።

ሰዓቱስ? ባጅ ስታሳዩ አብሮ የአሁኗ ሰዓትና ደቂቃ በምስጢር ተጽፋ ትሄዳለች። ልዩነቱ በተለመደው አሠራር ከ5 ደቂቃ ከበለጠ አይቀበልም። ምክንያቱ ከሲሟ ጋር አንድ ነው፤ የትናንቱን መልስ ጠልፎ ዛሬ የሚያቀርብ ሌባን መከልከል። መልስ ትኩስ መሆኑን ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። ወይ በየጊዜው አዲስ ጥያቄ ትጠይቃለህ፣ ወይ ሰዓት ታያለህ። ሲሟ የመጀመሪያውን መረጠች፤ ኬርቤሮስ ሁለተኛውን።

ስለ ዕቃዎችም አንድ ነገር ልበል። ብዙ ትንንሽ ቢሮዎች የትኛው ላፕቶፕ ኔትወርካቸው ላይ ይግባ የሚለውን የሚወስኑት በማክ አድራሻ ነው። እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ ላይ ያለ 48 ቢት ቁጥር ነው። ይህ ሰውን በጃኬቱ እንደማወቅ ነው፤ ጃኬት ይወለቃል፣ ይለበሳል። ቁጥሩን ለመቀየር አንድ ደቂቃ ይበቃል። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ደግሞ ስልኮች ራሳቸው ለግል ምስጢር ሲሉ በየዋይፋዩ ሌላ ቁጥር ያሳያሉ። ደንበኞቼ ይህን ትተው ለእያንዳንዱ ዕቃ ሰርተፊኬት እንዲሰጡ እለምናለሁ። አንዳንዶቹ ሰምተውኛል። ደግሞም አንዴ ግቢ የገባ ሁሉ ይታመን የሚለው የድሮ ልማድ መቅረት አለበት። ኮንዶሚኒየም ግቢ በር ላይ ጥበቃ ስላለ የቤታችንን በር ከፍተን አንተኛም። በየበሩ እንደገና ማጣራት የሚለው ሐሳብ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በሙያው ዓለም ትልቅ ስም ይዞ እየተሸጠ ነው። ሐሳቡ ግን ይኸው ነው።

ካፌ ቁጭ ብላችሁ በግድግዳ ላይ በተጻፈ የይለፍ ቃል ዋይፋይ ስትገቡስ? ስልኩና የዋይፋዩ መሣሪያ ቃሉን ሳይላላኩ፣ ሁለቱም እንደሚያውቁት ይፈታተናሉ። ጥሩ ነው። ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ቃል ሁሉም ያውቃል። አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው በዚያው ስምና በዚያው ቃል የራሱን ዋይፋይ ቢከፍት ስልካችሁ መለየት አይችልም። የዚያን ጊዜ የሚያድናችሁ የድረ ገጹ መሸኛ ነው። ስለዚህ ካፌ ውስጥ ሆናችሁ የባንካችሁ ገጽ ያ ማስጠንቀቂያ ከወጣበት፣ «ይሁን ቀጥል» የምትለዋን እንዳትነኩ። ስልኩ እየጮኸላችሁ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የስልክ ጥሪው ነው። ለገጣፎ የምትኖር አክስቴን አንድ ሰው ደወለላት። ትሕትና ያለው ድምፅ ነው። «ከባንክዎ ነው እናቴ፤ ሂሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ ልናድስልዎ ነው። አሁን የሚገባልዎትን ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ያንብቡልኝ» አላት። አነበበችለት። ለልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ ያስቀመጠችው ብር በዚያው ሄደ።

ምን ተፈጠረ? ኮዱ የአክስቴ ማስረጃ ነው፤ «ይህ ስልክ በእጄ ነው» የምትልበት። ሰውዬው ከሌላ ቦታ በስሟ ሊገባ ሲሞክር ኮዱ ወደ እሷ መጣ። እሱ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሷ በአፏ እንድትሰጠው። ልብ በሉ፣ እሱ እሷን በደንብ አጣራት፤ ስሟን አለ፣ ቁጥሯን አለ። እሷ እሱን ምን ጠየቀችው? ምንም። አክስቴ ሞኝ ሆና አይደለም። ሰው በትሕትና ሲያናግራት መጠራጠር ነውር ነው ተብላ ያደገች ናት። ግን ስልክ ላይ «አንተስ ማን ነህ? ዘግቼ በማውቀው ቁጥር ልደውል» ማለት ነውር የለውም። በኮዱ የሚገባው የኮዱ ባለቤት እንጂ ሌላ ሰው ስላልሆነ፣ ኮድ አንብቢልኝ የሚል ማንም ይሁን ማን እየሰረቀ ነው።

ኮዱን በአጭር መልእክት ከመቀበል በስልክ ላይ በሚጫን መተግበሪያ ማውጣት ይሻላል። መተግበሪያው በምስጢር ቁልፍና በሰዓት እየሰላ በየ30 ሰከንዱ አዲስ ቁጥር ያወጣል። ቴሌኮሙን አልፎ የሚመጣ ነገር ስለሌለ፣ ሲማችሁን በስሙ ያስወጣ ሌባ አያገኘውም። በዚህም ሰዓቱ የተሳሳተ ስልክ የሚያወጣው ኮድ ሁሉ ውድቅ ነው። ከዚህም የሚሻለው ፓስኪ የሚባለው ነው። ቁልፉ ስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ከአንድ ድረ ገጽ ስም ጋር ይታሰራል። በሌላ ስም የመጣ አስመሳይ ገጽ ቢጠይቀው ቁልፉ አይነቃም። የሚነበብ ቁጥር የለም፤ ስለዚህ በስልክ አንብቢልኝ ሊል የሚችል የለም። አክስቴ ይህ ቢኖራት ኖሮ ድምፁ የቱንም ያህል ቢለሰልስ ባዶ እጁን በቀረ ነበር።

አሻራስ? አሻራ ላይ ሰዎች ከልክ በላይ ይተማመናሉ። ስልካችን ላይ ስንነካው አሻራው ወደ ባንክ አይሄድም፤ ስልኩ ውስጥ ባለ ቺፕ ተመርምሮ እዚያው ያለውን ቁልፍ ይከፍታል። ጥሩ አሠራር ነው። ፋይዳ መታወቂያ ስናወጣ ግን የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል በማዕከል ይመዘገባል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ለመለየት ይህ ያስፈልጋል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል። ጣት አይቀየርም። በየብርጭቆው ላይም ትተነው እንሄዳለን። ስለዚህ አሻራን እንደ ስም እንየው እንጂ እንደ ምስጢር አንየው፤ የሚይዝልን ሁሉ ደግሞ እንደ ዓይኑ ብሌን ሊጠብቀው ይገባል።

የይለፍ ቃልን ነገር ሁሉም ስለሚያውቀው ብዙ አልልበትም። ደህና የተሠራ ሰርቨር ቃላችሁን አያስቀምጥም፤ የተፈጨውን ዱቄት ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ «ረሳሁት» ስትሉ ያንኑ የድሮ ቃላችሁን መልሶ የሚልክላችሁ አገልግሎት ካለ፣ ቃሉን ሳይፈጭ ይዞታል ማለት ነው። ከዚያ ውጡ።

ወደ ሱቋ ልመለስ። ሳምንቱን ሙሉ የእሳቸው ቅሬታ ከአእምሮዬ አልጠፋ አለ። ሰዓታቸው ልክ ነው ሲሉ ተሳስተው አልነበረም። ቀን በንጋት ይጀምራል፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ በዚህ ነው ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት። የኔትወርክን ሕግ ለማክበር ብለው ይህን ሊተዉ አይገባም ነበር።

ስልክ ውስጥ ያለው ሰዓት እንደ እውነቱ አንድ ነው፤ ለዓለም ሁሉ የጋራ የሆነ ቆጠራ። ኔትወርክ የሚመረምረው ያንን ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ የምናየው ግን የየአገሩ ልብስ ነው። እኛ ከዚያ የጋራ ሰዓት 3 ሰዓት እንቀድማለን። የሀበሻ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ከጋራው ሰዓት 3 ሰዓት ወደ ኋላ የሆነ አገር ቢገኝ፣ የዚያ አገር ሰዓት ከእኛ የሀበሻ ሰዓት ጋር ይገጥማል። አርጀንቲና እንደዚያ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ሄድኩ። ሰዓቱ ከኔትወርክ በራሱ እንዲሞላ የሚያደርገውን እንዳለ ተውኩት። የሰዓት ክልሉን ግን በራሱ እንዳይመርጥ አጥፍቼ ቦነስ አይረስን መረጥኩ። የአሥራ ሁለት ሰዓት አቆጣጠርም አደረግኩለት። ለዓመቱና ለቀኑ የእኛን ካላንደር ፊት ለፊት ላይ ለጠፍኩላቸው። ዩቲዩብ ከፈትኩ፤ ሠራ። ለእሳቸው መልሼ ሰጠኋቸውና ራዲዮው ሰዓት እስኪናገር አብረን ቆምን።

ራዲዮው ሦስት ሰዓት አለ። እሳቸው ስልካቸውን አዩ።

«አሁን ገና ተሠራች» አሉኝ፤ አንድ ትኩስ ዳቦም በእጄ አስያዙኝ።